ቄጠማው ላይ የቀረ ገለፈት

የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ። ካምብሪጅ ውስጥ ሰው ቁርሱን ሲበላ እኔ የምተኛበት ኑሮ ከጀመርኩ ሃያ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሰኔ ሲገባ ግን ከሥራ እንደወጣሁ ወደ ቤት አልሄድም። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ነድቼ ዊክን ፌን ወደሚባለው ረግረግ እሄዳለሁ።

አንድ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ሌሊቱ ቀዝቅዞ አድሮ ነበር። ከእንጨቱ መሄጃ ዳር፣ ከውሃው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ አንድ ቄጠማ ላይ ገለፈት ተጣብቆ አየሁ። ጭቃ የመሰለ፣ የሌባ ጣቴን የሚያህል፣ ስድስት እግሮቹ ቄጠማውን እንደጨበጡ የደረቁ። ጀርባው ለሁለት ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ነጫጭ ክሮች ወጥተዋል፤ የመተንፈሻ ቱቦዎቹ ሽፋን ናቸው። ከዚያ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ባለቤቱ ራሱ ተንጠልጥሏል። ብርዱ ባያስረፍደው ኖሮ ጎሕ ሳይቀድ መሄድ ነበረበት። ክንፎቹ ውሃ የነካው መስተዋት ይመስላሉ። ብዙም ሳይቆይ ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ ትኩሳት ሲነሣበት ጥርሱ የሚንገጫገጭ በሽተኛ ትዝ አለኝ። ለመብረር ጡንቻውን እያሞቀ ነው። ከዚያ ቄጠማውን ለቀቀና ከአኻያዎቹ ጫፍ በላይ ወጥቶ ጠፋ።

የውሃ ተርብ ነው። እንግሊዞች ይህኛውን ዓይነት ኢምፐረር ይሉታል፤ ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አናክስ ኢምፔራቶር ነው። አናክስ በግሪክ ንጉሥ ወይም ጌታ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ተሹሟል ማለት ይቻላል። ስሙን በ1815 ያወጣለት በብሪቲሽ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ዊልያም ኤልፎርድ ሊች ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ይህ ተርብ በእንግሊዝ ኩሬ ብቻ የሚኖር አይደለም። አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር ያካልላል፤ ኢትዮጵያም ውስጥ አለ። ይህን ባወቅኩ ቀን ብዙ ነገር ትዝ አለኝ።

ያደግኩት ዓለማያ ሐይቅ አጠገብ ነው፤ አባቴ የእርሻ ኮሌጁ ሠራተኛ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ድንጋይ ላይ ጥለን ወደ ውሃው ነበር የምንሮጠው። የውሃ ተርብ የሚል ስም ከአፋችን ወጥቶ አያውቅም። ለእኛ ሄሊኮፕተር ነበር። ከእማዬ የስፌት ሳጥን በሰረቅነው ክር ወገቡን እናስርና እናበርረው ነበር፤ ክሩ ሲያልቅ ወይም ልጁ ሲሰለቸው ተርቡ መሬት ላይ ይቀራል። ስንቱን እንዲህ እንደጨረስን አላውቅም። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ እንደነበሩ ግን አስታውሳለሁ። በማግስቱ ኪሳችን ውስጥ ስናገኛቸው ሁሉም አንድ ቡናማ ሆነው ነበር። ለምን እንደሆነ የጠየቀ ልጅ አልነበረም። መልሱን ያገኘሁት ከአርባ ዓመት በኋላ ነው፤ የዚህ አገር ሰዎች ተርብ የመለየት ልማድ ታሪክም ከዚያ መልስ ይጀምራል።

ልማዱን ያስያዙኝ ጎረቤቴ የነበሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻቸውን ወደ ረግረጉ ሲሄዱ አይ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ይዤላቸው ገባሁ፤ ጠረጴዛቸው ላይ በክብሪት ሳጥኖች ውስጥ የተደረደረ ገለፈት አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ ልጠርግላቸው ስል እጄን ያዙ። በሳምንቱ አብሬያቸው ሄድኩ።

«መጀመሪያ ቀለሙን አትዪ፤ አካሄዱን እዪ» አሉኝ። ኢምፐረር የኩሬውን መሐል ይዞ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል እንጂ እንደ ሌሎቹ ቶሎ ቶሎ አያርፍም፤ ያደነውንም እየበረረ ነው የሚበላው። ሲበርር ረጅሙ ሆዱ እንደ ቀስት ትንሽ ወደ ታች ጎበጥ ይላል። ከሩቅ በዚህ ይታወቃል። ሲቀርብ ደግሞ ደረቱን ማየት ነው፦ ምንም መስመር የሌለበት ጥርት ያለ አረንጓዴ። የወንዱ ሆድ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ በጀርባው ርዝመት አንድ ጥቁር መስመር ይወርዳል። የሴቷ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ነው። ሴቷ ብቻዋን መጥታ ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ታርፍና ጭራዋን ውሃ ውስጥ አጥልቃ እንቁላሏን ተክሉ ውስጥ ትሰካለች። ጥላ ያለበት መንገድ ላይ ወደ ፊትሽ መጥቶ የሚመረምርሽ ትልቅ ተርብ ካለ ኢምፐረር አይደለም፤ ደረቱ ላይ ሁለት ሰፋፊ አረንጓዴ ጌጦች ታዪበታለሽ፤ እሱ ሳውዘርን ሆከር ነው። ሰማያዊው ሆዱ ሥር ላይ ብቻ እንደ ኮርቻ ከተቀመጠ ደግሞ ትንሹ ኢምፐረር ነው፤ እዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1996 ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አልያዝኩትም። ሁለት በጋ ፈጀብኝ።

ዱሮ እንግሊዝ ውስጥ ተርብን የሚለይ ሰው ቀርቶ የሚወደውም ጥቂት ነበር። የገጠሩ ሰው ሆርስ ስቲንገር ይለው ነበር፤ ፈረስ ነዳፊ። ፈረሱን የሚነድፈው ዝንቡ ነው፤ ተርቡ የሚመጣው ዝንቡን ሊበላ ነው። የሰይጣን መርፌ የሚሉትም ነበሩ። በዌልስ ቋንቋ እስከ ዛሬ ስሙ ግዋስ ኧ ኔይድር ነው፤ የእባብ አሽከር። የውሃ ተርብ መንደፊያ የለውም። በስህተት የተወነጀለ ፍጡር ያሳዝነኛል፤ እኛም ከነስሙ ተርብ ብለነው ከእውነተኛው ተርብ ጋር ደባልቀነዋል።

መጀመሪያ በደንብ ያየው ሠዓሊ ነው። ሞዘስ ሃሪስ የለንደን ሰው፣ በመዳብ ላይ ቅርጽ የሚያወጣ ባለሙያ ነበር። በ1776 ማውጣት በጀመረው የእንግሊዝ ነፍሳት መጽሐፉ ተርቦችን በየቀለማቸው ሣላቸው። ይኸው ሰው ነው ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ እየተደባለቁ ሌሎቹን ቀለማት ሁሉ እንዴት እንደሚወልዱ በክብ ሥዕል ያሳየው። ዛሬ በየሥዕል ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የቀለም ክብ ከሱ ዘመን የመጣ ነው። ሁለቱ ሥራዎቹ በአጋጣሚ አንድ ሰው ላይ የወደቁ አይመስለኝም። የተርብ ቀለም ከእጅ የሚያመልጥ ነገር ነው፤ ቀለምን ነፍሱ የምትወድ ሰው ካልሆነ ማን ይከተለዋል?

ለምን ያመልጣል? የቢራቢሮ ቀለም ክንፉ ላይ ባለው ዱቄት መሰል ቅርፊት ውስጥ ስለሆነ መቶ ዓመት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የተርብ ሰማያዊና አረንጓዴ ግን ከቆዳው ሥር ባለው ሕይወት ያለው ሥጋ ውስጥ ነው። ሲሞት ሥጋው ይበሰብሳል፤ ቀለሙም አብሮ ይጠቁራል። ኪሳችን ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ነፍሳት መሰብሰብ የቄሱም የሐኪሙም የነጋዴውም ፍቅር ሆኖ ሳለ ተርብ ወደ ኋላ የቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። መረብ፣ የሲያናይድ ብልቃጥ፣ ስፒል፣ የቡሽ ሳጥን ነበር መሣሪያው። ቢራቢሮ ሳጥኑ ውስጥ ያምራል፤ ተርብ ሳጥኑ ውስጥ የደረቀ እንጨት ነው። ሆዱን ሰንጥቀው አንጀቱን ያወጡና እንዳይሰበር ስንጥር ያስገቡበት ነበር፤ ቀለሙ ግን አይመለስም። ዊልያም ጆን ሉካስ በ1900 የብሪታንያን ተርቦች በአንድ መጽሐፍ አሰባስቦ አወጣ፤ ትልቅ ሥራ ነው። ቢሆንም ተርብ ገና የጥቂት ሊቃውንት ነገር ነበር። ከሳጥን ወደ ኩሬ ዳር ያመጣችው ሴት ናት።

ሲንቲያ ሎንግፊልድ በ1896 ለንደን ተወለደች። ቤተሰቦቿ አየርላንድ፣ ኮርክ ውስጥ ክሎይን በተባለች መንደር አጠገብ ርስት ነበራቸው፤ ቤታቸው ካስል ሜሪ በአየርላንድ የነፃነት ጦርነት ጊዜ በ1920 ተቃጠለ። ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። በ1924 ሴንት ጆርጅ በተባለ መርከብ ከሳይንቲስቶች ጋር ወደ ፓሲፊክ ደሴቶች ሄደች፤ ጋላፓጎስና ማርኬሳስ ድረስ። ስትመለስ በለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የተርብን ክፍል ይዛ ትሠራ ጀመር፤ ያለ ደመወዝ፣ ለሠላሳ ዓመት ያህል። በ1932 የለንደን ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ሊቀ መንበር ሆነች። በ1934 አፍሪካ ውስጥ ለወራት ብቻዋን ተጓዘች። ጋዜጦች ማዳም ድራጎንፍላይ የሚል ስም አወጡላት።

በ1937 የብሪታንያ ደሴቶችን ተርቦች መጽሐፍ አወጣች። አዛውንቱ ጎረቤቴ አንድ ቅጂ ነበራቸው፤ ጨርቅ ልባስ፣ ኮት ኪስ የሚገባ። ሲሞቱ ልጃቸው ለእኔ ሰጠችኝ። ስከፍተው ከገጾቹ መካከል የደረቀ ጭቃ ይፈስሳል፤ ይህ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ የተነበበ አይደለም። ሎንግፊልድ የሠራችው ሥራ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። ከሷ በፊት ተርብን ለማወቅ ገድሎ በማጉያ መነጽር የክንፍ ሥር መቁጠር ይፈለግ ነበር። እሷ የሙዚየሙን ዕውቀት ይዛ ለብስክሌተኛው፣ ለአስተማሪው፣ ለልጁ የሚሆን መጽሐፍ ሠራች። በጦርነቱ ጊዜ በለንደን በእሳት አደጋ ሠራተኝነት አገለገለች፤ ከዚያ ወደ ሙዚየሟ ተመለሰች። በ1991 በ94 ዓመቷ ስታርፍ በዓይን ብቻ ተርብ የሚለይ ትውልድ አድጎ ነበር።

የማስታውሰው አንድ ሌሊት አለ። ከሥራ ዕረፍት ነበረኝ፤ አዛውንቱ በጸሐይ መግቢያ ወደ አንድ ኩሬ ወሰዱኝ፤ ቀይ ፕላስቲክ ያጠለቅንበት ባትሪ ይዘናል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ እጮቹ ከውሃ መውጣት ጀመሩ። አንድ ሁለቱን ዓመት ውሃ ውስጥ የትንኝ እጭና የእንቁራሪት ልጅ ሲበሉ የኖሩ ናቸው። አንዱ ቄጠማውን እየጨበጠ ሲወጣ ትንፋሼን ያዝኩ። ቆመ። ሰውነቱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ፤ ቦታ እንዳለው የሚለካ ይመስላል። ጀርባው ተሰነጠቀ። ራሱና ደረቱ ወጡ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ወድቆ ቁልቁል ተንጠለጠለ፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል አልተንቀሳቀሰም። የሞተ መሰለኝ፤ የሙያዬ ነገር ሆኖ ልቤ ደንግጧል። «እግሩ እስኪጠነክር ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። ድንገት ቀና አለ፤ የራሱን ገለፈት ጨበጠና ጭራውን መዘዘ። የተጨማደደ ክንፉ እንደ እርጥብ ወረቀት ቀስ እያለ ተዘረጋ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ዙሪያችን አሥራ አንድ ነበሩ። ከእኔ የሌሊት ሥራ ማዶ ሌላ የሌሊት ሥራ እንዳለ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ይህን ነገር መጀመሪያ በሥርዓት የቆጠረው ፊሊፕ ኮርቤት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የካምብሪጅ ተማሪ ሳለ በርክሸር ውስጥ ከሚገኝ አንድ ኩሬ ዳር የኢምፐረርን ገለፈት ዕለት ዕለት ይለቅም ነበር። ገለፈት መልቀም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከዚያ ኩሬ ስንት ተርብ እንደወጣ፣ በየትኛው ሌሊት፣ ስንቱ ወንድ ስንቱ ሴት እንደሆነ አንድም ሳይገድሉ ያሳያል። ኮርቤት ያገኘው ነገር ያስደንቃል። የዓመቱ ኢምፐረር እንደ ዝናብ ጠብታ ተበታትኖ አይወጣም፤ ከመላው ገሚሱ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሌሊቶች ውስጥ ይወጣል። ምክንያቱም የመጨረሻ ዕድገታቸው ላይ የደረሱት እጮች መኸር ላይ ዕድገታቸውን ያቆማሉ፤ ክረምቱን ሁሉም አንድ ደረጃ ላይ ይጠባበቃሉ፤ ጸደይ ሲሞቅ ባንድነት ይነሣሉ። ለፋሲካ ሌሊት እንደሚነሣ ሕዝበ ክርስቲያን ነው የምስላቸው። ኮርቤት ከዚህ በኋላ ወደ ኡጋንዳ ሄደ፤ ጂንጃ ላይ፣ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት ቦታ ለዓመታት ሠርቷል። ብርዳማ ክረምት በሌለበት አገር ነፍሳት ቀናቸውን በምን እንደሚያውቁ መጠየቁን አልተወም።

ከሎንግፊልድና ከኮርቤት ቀጥሎ ሦስተኛው ኖርማን ሙር ነው። ኢምፐረር ወንድ ኩሬውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ሌላ ወንድ ሲመጣ እንዴት እንደሚያባርረው ያጠና ነው፤ አንድ ኩሬ የሚሸከመው የወንድ ቁጥር ልክ እንዳለው፣ ከዚያ በላይ የመጣው እንደሚገፋ አሳየ። ዉድዋልተን ፌን በሚባለው ረግረግ፣ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ ሃያ ትናንሽ ኩሬዎች አስቆፍሮ ከ1962 እስከ 1988 ለ27 ዓመታት እየተመላለሰ ቆጠረ። ያን ረግረግ በ1910 ገዝቶ ከመድረቅ ያዳነው ቻርልስ ሮትስቻይልድ ነው፤ ለዊክን ፌንም መሬት የሰጠ ሰው። ሙር በዚያው ዘመን ዋና ሥራው ሌላ ነበር፤ ከ1960 ጀምሮ የእርሻ መርዝ በአውሬና በወፍ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያጠና ቡድን ይመራ ነበር። የጭልፊት እንቁላል ቅርፊት በዲዲቲ ምክንያት እየሳሳ መሰበሩ የታወቀው በዚያ ዘመን ነው። የመርዙ ክርክር ቀን ቀን፣ ኩሬው ቅዳሜ። ሃያ ሰባት ዓመት! እኔ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ይህን ያህል አልሠራሁም።

በ1960 ሦስቱ፣ ሎንግፊልድ፣ ኮርቤትና ሙር፣ አንድ መጽሐፍ አብረው ጻፉ፤ ርእሱም ድራጎንፍላይስ ነው፤ ተርቦች። ያለ ዲግሪ የተማረችው ሴት፣ ኩሬ ዳር ያደረው ተማሪ፣ የመርዙ ተመራማሪ። ዛሬ በየመንደሩ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ኩሬ የሚዞረው ሰው ሁሉ የነዚህ ሦስት ሰዎች ልጅ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1983 የብሪታንያ የተርብ ማኅበር ሲቋቋም ሙር ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር።

ዊክን ራሱ ብዙ ይነገርለታል። እዚህ ቄጠማ ማጨድ ቢያንስ ከ1414 ጀምሮ በጽሑፍ ተመዝግቧል። ለቤት ክዳን ነበር የሚያጭዱት፤ እኔ ደግሞ ቄጠማ ሳይ በዓል ነው የሚሸተኝ፤ ቡና ነው የሚታየኝ። ናሽናል ትረስት የተባለው ድርጅት በ1899 የመጀመሪያዋን ቁራጭ መሬት እዚህ ገዛ፦ ሁለት ኤከር፣ በ10 ፓውንድ። ዙሪያው ያለው ረግረግ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ደርቆ ታርሷል። ከዉድዋልተን አጠገብ ዊትልሲ ሜር የተባለ ሐይቅ ነበር፤ በደቡብ እንግሊዝ ሜዳ ከነበሩት ሁሉ ትልቁ። በ1851 በእንፋሎት ፓምፕ አድርቀው ስንዴ ዘሩበት። ዛሬ ስታዩት ጥቁር ማሳ ብቻ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ከመኪና ሳልወርድ አለቀስኩ፤ ምክንያቱን ኋላ እናገራለሁ።

ውሃ ሲጠፋ ተርብ ይጠፋል፤ አንዳንዴም ውሃ ሲበዛ። በ1946 ኤሴክስ ውስጥ አንድ ቀጭን ሰማያዊ ዝርያ ተገኝቶ ነበር፤ ዴንቲ ዳምዘልፍላይ ይሉታል። በጥር 1953 መጨረሻ የሰሜን ባሕር ማዕበል ምሥራቁን ዳርቻ ሲያጥለቀልቅ ብዙ ሰው ሞተ፤ ጨዋማው ውሃ የዚህን ተርብ ኩሬዎችም ገደለ። በ2010 ኬንት ውስጥ ተመልሶ እስኪታይ ድረስ አገሪቱ ውስጥ አልነበረም። ኖርፎክ ውስጥ የነበረ ሌላ ዝርያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጠፍቶ ቀረ። ከዶርሴት ሙርስ ወንዝ ደግሞ ብርቱካናማ ነጥብ ያለው አንድ ዝርያ የፍሳሽ ቆሻሻ ከገባበት በኋላ በ1963 ለመጨረሻ ጊዜ ታየ። እነዚህን ቀናት የምናውቀው አንድ ሰው ሄዶ ስላላገኘው፣ አለማግኘቱንም ስለጻፈ ነው።

ኢምፐረር ግን ተስፋፍቷል። አዛውንቱ ልጅ ሳሉ የደቡብ እንግሊዝ ነገር ነበር፤ ዛሬ ስኮትላንድ ይበርራል። የተርብ ማኅበሩ በ2021 ባወጣው ዘገባ 17,000 ያህል ሰዎች ያሰባሰቡትን ከ1.4 ሚሊዮን በላይ መዝገብ አገናዝቦ ከ1970 ወዲህ ከዝርያዎቹ ከ40 በመቶ በላይ ሲስፋፉ 11 በመቶ ያህሉ መቀነሳቸውን አሳየ። ለመስፋፋቱ ዋናው ምክንያት ሙቀቱ ነው፤ ስለዚህ ደስታዬ ሙሉ አይደለም። ከነዚያ መዝገቦች ውስጥ ጥቂት መቶዎቹ የእኔ ናቸው። አዛውንቱ የመጀመሪያውን ሲያስሞሉኝ ስሜን ሦስት ጊዜ ጠይቀው በትክክል ጻፉት።

ወደ ዓለማያ ልመለስ። ሐይቁ በ2005 አካባቢ ደረቀ። ለጫትና ለአትክልት ቀን ከሌት በፓምፕ ይቀዳ ነበር፤ ሐረር ከተማም ከሱ ነበር የምትጠጣው፤ ከተራራው የሚወርደው ደለል ሞላው። እኔ ያኔ እዚህ ነበርኩ፤ እኅቴ በስልክ «ባሕሩ ላይ ኳስ ይጫወታሉ» ስትለኝ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ዊትልሲ ሜር ላይ ያስለቀሰኝ ይህ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ውሃው መመለስ ጀመረ ሲሉኝ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ከሐረር የሄዱ ተርቦችን ነገር አነበብኩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ክሪስተንሰን የተባለ ነፍሳት ሰብሳቢ ከሐረር አካባቢ ወደ አውሮፓ ሙዚየሞች ይልክ ነበር። ፍሪድሪሽ ሪስ የተባለ የስዊዘርላንድ የአእምሮ ሐኪም፣ የሆስፒታል አስተዳዳሪ፣ በትርፍ ጊዜው ተርብ ያጠና ነበር፤ በ1911 ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም የማይገኝ አንድ ዝርያ ኦርቴትረም ክሪስተንሰኒ ብሎ በሰብሳቢው ስም ሰየመው። ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ተርብ የሚሄድ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩ ደስ አለኝ። ያን ተርብ ውሃው ዳር ስንት ልጅ ያውቀው እንደነበር፣ በምን ስም ይጠራው እንደነበር ግን የሪስ ጽሑፍ ላይ የለም።

በመጀመሪያው ጠዋት ከእኅቴ ልጅ ጋር ወጣን። ውሃው የልጅነቴ ውሃ አይደለም፤ ጥልቀት የለውም፣ ዳሩ ጭቃ ነው። ግን ከመሐሉ በላይ አንድ ትልቅ ተርብ ይመላለሳል። ሆዱ ጎበጥ ብሏል። አያርፍም። በመነጽሬ ያዝኩት፤ ደረቱ አረንጓዴ፣ ሆዱ ሰማያዊ፣ አንድ ጥቁር መስመር። «ሄሊኮፕተር!» አለ ልጁ፤ በእኔ ዘመን የነበረው ስም እሱም ዘንድ አለ። ዓይኔን መነጽሩ ላይ እንዳደረግኩ አንገቱን አቀፍኩት።

ነገር ግን የሚበርር ተርብ እንግዳም ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ውሃ መጥቶ የሚያልፍ። እዚያው መወለዱን የሚመሰክረው ገለፈቱ ነው። ስለዚህ ሁለት ጠዋት ከልጁ ጋር ደንገሉንና ቄጠማውን እየገለጥን ዳሩን ዞርን። አላገኘንም። አንድ አባት አህያቸውን ውሃ እያጠጡ «ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ደንቋቸው ቆሙና እሳቸውም ዘንጋቸውን ይዘው መፈለግ ጀመሩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ገና ሳትሞቅ፣ ልጁ ጠራኝ። ከውሃው ግማሽ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ደረቅ አገዳ ላይ ነበር። ራሱ ተቆርጧል፣ አንድ እግሩ የለም፤ የየትኛው ዝርያ እንደሆነ በዚህ መናገር አይቻልም። ጀርባው ግን በሥርዓቱ ተሰንጥቋል፤ ነጫጮቹ ክሮች አሉ። ባለ አህያው አባት ከሱቅ በገዙት የክብሪት ሳጥን ውስጥ አደረግነው። ልጁ ክዳኑ ላይ በእርሳስ ቀኑንና ቦታውን ጻፈ፤ ዝርያ በሚለው ቦታ ምን እንደሚጽፍ ጠየቀኝ። ባዶ ተወው አልኩት።